መንግሥት ቤት ይሥራ ወይስ ከግንባታው ይውጣ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «የመንግሥት የቤት ተቋማት መገንባቱንና ማከራየቱን ትተው ተቆጣጣሪ ብቻ ይሁኑ።»

ደጋፊ፦

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት ተቋም ደረሰ። ቀበሌ የተረከበው ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ እንጭንበታለን፤ ከሚያፈሰው ሥር ሳፋ እንደቅናለን፤ ሌሊት ሲሞላ ተራ ያለው ተነስቶ ይደፋል። ኪራዩ በጣት የሚቆጠር ብር ስለነበር አከራዩ ማደሻ የለውም። አባቴ በራሱ ገንዘብ ላድሰው ብሎ ያስገባው ማመልከቻ ከቤቱ ቀድሞ አረጀ።

ኮንዶሚኒየሙስ? በ1997 የተመዘገበ ሰው በ2005 «ነባር» ተብሎ እንደ አዲስ ተመዘገበ፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት ዕጣ የጠበቀ አለ። ላም አለኝ በሰማይ! በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ዕጣ ደግሞ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኘና ተሰረዘ። የሚገነባውም፣ የሚያከፋፍለውም፣ በባንኩ የሚያበድረውም፣ የሚቆጣጠረውም መንግሥት ከሆነ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ተቃዋሚ፦

ስለ ድንጋዩ አንከራከርም፤ እኛም ጣሪያ ላይ ነበር። እርስዎ ግን ቀበሌው ይውጣ እንጂ በምትኩ ማን እንደሚገባ አልነገሩንም። ሪል ስቴቱ? በሊዝ ጨረታ ተጋፍቶ መሬት የገዛ ሰው ያወጣውን ከቤቱ ላይ ይለቅማል፤ ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። 20/80 በሚባለው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ግን ገዢው 20 በመቶውን ይቆጥባል፣ የቀረውን ከንግድ ባንክ ተበድሮ በረጅም ጊዜ ይከፍላል። የመሬቱ ዋጋም አልተጫነበትም። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲለይ የተደረገውም መንግሥት ስለገነባ ነው።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ሊፍት የለም፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ቦታ ታርፋለች። በመጨረሻ አከራየችውና እሷ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ገባች። «ይኸው፣ ድሃው አልኖረበትም» የሚሉ አሉ። በኪራዩ እኮ የባንኩን ዕዳ ጨረሰች! አሁን ካርታው በስሟ ነው። ዕጣውም ቢሆን ተሰርዞ እንደገና ወጣ እንጂ ዕጣ ማውጣት ይቅር አልተባለም።

ደጋፊ፦

ጎረቤትዎ እንኳን ደስ አላት። ዕጣው ያልደረሳቸው ግን ዛሬም የሚኖሩት በግለሰብ ቤት ነው፤ መንግሥት ሊደርስላቸው የሚገባው እዚያ ነው። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በተወሰነው መጠን ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ይህንን የሚያስከብር ሰው ወረዳ ሄደው ይፈልጉ፤ ሲሚንቶና ብረት ሲያሳድድ ያገኙታል። ለግንባታ የሚፈሰው ገንዘብ ለዝቅተኛ ተከራይ የኪራይ ድጎማ ቢሆን በዚያው ዓመት ይደርሰዋል፤ ዕጣ አይጠብቅም።

ተቃዋሚ፦

ድጎማው የሚገባው አከራዩ ኪስ ነው። ቤቱ ካልበዛ ለተከራዩ የተሰጠው ገንዘብ በማግስቱ ኪራይ ላይ ተጨምሮ ይገኛል፤ ጭማሪው በአዋጅ ቢያዝ እንኳ በጓሮ በር ይገባል። ውል ላይ አንድ ዋጋ ተጽፎ በእጅ ሌላ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔም ከፍያለሁ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅስ ተከራዩ ወዴት ይሂድ?

አንድ ነገር ግን እቀበልዎታለሁ፤ የሚገነባውና ሥራውን የሚረከበው አንድ እጅ አይሁን። ያቺ ጎረቤቴ ቁልፍ የተረከበች ዕለት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር እንጂ ከውኃው መስመር ጋር አልተገናኘም ነበር። «ተጠናቋል» ብሎ የፈረመው ደግሞ ያስገነባው ክፍል ራሱ ነበር።