የ«ዘ ብሎብ» ጭራቅ ጄሊ አይደለም
ስለ 1958ቱ (እ.ኤ.አ.) አስፈሪ ፊልም «ዘ ብሎብ» የጻፋችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን ሰው የሚበላው ዝልግልግ ጭራቅ ከጄሊ ተሠራ የሚለው ቢታረም። ሲሊኮን ነው። ጄሊ በመብራት ሙቀት ይቀልጣል፤ ሲሊኮን ግን ሳይደርቅ እንደተዝለገለገ ይቆያል። ሰው በበላ ቁጥር እንዲቀላ ቀለም ይጨመርበት ነበር። የምግብ ቤቱን ትዕይንት ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሕንፃው ፎቶግራፍ ነው! ፎቶውና ካሜራው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጣብቀው ጠረጴዛው ሲዘነብል ሲሊኮኑ ይንሸራተታል። ካሜራው አብሮ ስለሚዘነብል ሕንፃው ቀጥ እንዳለ ይታያል፣ ዝልግልጉም በራሱ የሚሄድ ይመስላል። ካሜራው ለብቻው ቢቆም ኖሮ ብልሃቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ተመልካቹ እየጮኸ ሮጦ የሚወጣበት ሲኒማ ቤት፣ የፊኒክስቪሉ ኮሎኒያል ቲያትር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ያንን ሩጫ በየበጋው በፌስቲቫል ይደግሙታል።