ያልገባ ገንዘብ እንደገባ ሲቆጠር

ለንደን ውስጥ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ኡበር የሚነዳ አለ። በሞተር ምግብ የሚያደርስ አለ። ጸጉር የምትሠራ፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ፣ ለሠርግና ለክርስትና ድግስ የምታዘጋጅ አለች። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ፣ ታክሳቸውን የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ገቢያቸው ግን ከቤት ኪራይና ከልጅ ወጪ ጋር አይመጣጠንም።

እንዲህ ላለው ሰው የብሪታንያ መንግሥት ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባል ድጎማ አለው። ሥራ ለሌለው ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ከሚቀበሉት ሰዎች ሲሶ ያህሉ እየሠሩ ነው የሚቀበሉት። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሕጉ የተጻፈው በየወሩ እኩል ደሞዝ የሚያገኝ ተቀጣሪን አስቦ ነው። የራሱን ሥራ የሚሠራው ሰው ዓመቱን ሙሉ የዚህን ዋጋ ይከፍላል። እኔ ይሄ መለወጥ አለበት እላለሁ። ገቢው በወር ሳይሆን በዓመት ይቆጠር።

ዋናው ጣጣ ሚኒመም ኢንከም ፍሎር የሚባለው ደንብ ነው። የገቢ ወለል ማለት ነው። የራስህን ሥራ ከጀመርክ 12 ወር ካለፈህ፣ ድጎማውን የሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ፣ ጆብ ሴንተር፣ ቢያንስ ይህን ያህል ታገኛለህ ብሎ አንድ መጠን ይተምንልሃል። ለብዙ ሰው ስሌቱ በሳምንት 35 ሰዓት ሲባዛ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በነበረው 12.21 ፓውንድ ብናሰላው በወር ወደ 1,850 ፓውንድ ይመጣል። ግምታዊ ታክስና ናሽናል ኢንሹራንስ ሲቀነስለት ከ1,600 ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያ ወር እጅህ የገባው 700 ፓውንድ ቢሆን ለውጥ የለውም። ድጎማህ የሚሰላው 1,600ውን እንዳገኘህ ተደርጎ ነው።

ይህ በእኛ ሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የድግስ ሥራን እንውሰድ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እናት እናስብ። ልጆቿ 13 ዓመት አልፏቸዋል፣ ስለዚህ የ35 ሰዓቱ ደንብ ሙሉ በሙሉ ይመለከታታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም። ክርስትና ቢኖርም የፍስክ ድግስ የለም። 55 ቀን ሙሉ ትልቅ ትእዛዝ አይመጣም። እንጀራና ሽሮ ይሸጣል፣ ግን የዓመቱን ኪራይ የሚሸፍነው እሱ አይደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ለፋሲካ የሚሆነውን ጤፍ፣ ቅቤና በርበሬ የምትገዛው በዚሁ በጾሙ ወር ነው። ወጪው መጋቢት ላይ ይወጣል፣ ገቢው ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲደራረብ ይገባል።

ሂሳቡን ለማቅለል ወለሉ 1,600 ይሁን። በጾሙ ወር ወጪዋና ታክሷ ተቀንሶ 800 ፓውንድ ቀራት። በሚቀጥለው ወር 2,400 ቀራት። በሁለት ወር 3,200 አገኘች ማለት ነው። ጎረቤቷ ደግሞ ተቀጣሪ ናት፣ በየወሩ 1,600 ይገባላታል። እሷም በሁለት ወር 3,200። ሁለቱ እኩል ገቢ አላቸው። ጆብ ሴንተር ግን ለተቀጣሪዋ 3,200 ሲቆጥር፣ ለባለ ድግሷ 4,000 ይቆጥራል። የጾሙ 800 ወደ 1,600 ከፍ ይልባታል፣ የፋሲካው 2,400 ግን እንዳለ ይያዛል። ድጎማው ከገቢ ላይ በእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ፔንስ ስለሚቀንስ፣ በሁለት ወር ውስጥ 440 ፓውንድ ታጣለች። ያልተገባ ነገር አላደረገችም። ገንዘቡ የገባበት ወር ብቻ ነው የተለየው።

የጤፉንና የቅቤውን ወጪ ልብ በሉልኝ። በዚያ ወር ወጪ ብላ ብታስመዘግበውም ገቢዋ ቀድሞውንም ከወለሉ በታች ስለሆነ ምንም አይረዳትም። ወጪው የትም ሳይቆጠርላት ቀረ። በሚቀጥለው ወር የሽያጩ ገንዘብ ሲገባ ግን አንድ በአንድ ይቆጠርባታል።

መንግሥት ለዚህ ደንብ የሚሰጠው ምክንያት አለ፣ ባዶ ምክንያትም አይደለም። ትርፍ የሌለውን ንግድ ግብር ከፋዩ ዕድሜ ልኩን መደጎም የለበትም ይላል። ገቢውን የሚደብቅ ሰው እንዳለም ይናገራል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ግን የዓመት ስሌት ይህን ፍርሃት አያባብሰውም። ዓመቱን ሙሉ ከወለሉ በታች የሆነ ንግድ በዓመት ስሌትም ይታያል። የማይጎዳው በአንድ ወር አጥቶ በሌላው ወር የሚያገኘው ሰው ነው። ገቢ ደባቂን የሚይዘው ደግሞ ምርመራ ነው። ሁሉን ሰው በግምት መቅጣት ሐቀኛውን ነው የሚመታው።

የዓመት ስሌት አዲስ ሐሳብም አይደለም። ከዩኒቨርሳል ክሬዲት በፊት የነበረው የታክስ ክሬዲት ገቢን በዓመት ነበር የሚቆጥረው። እሱ በኤፕሪል 2025 ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ብዙ የእኛ ሰዎች ደብዳቤ ደርሷቸው ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተሻገሩት ከታክስ ክሬዲት ነው። ሲሻገሩ የተሰጣቸው የ12 ወር እፎይታ ሲያልቅ ደግሞ ወለሉ መጣባቸው። ያው ሥራ፣ ያው ገቢ፣ ድጎማው ግን በአንዴ ወረደ። ደንቡን ማንሳት እንደሚቻልም ታይቷል። በኮሮና ጊዜ ከማርች 2020 እስከ ጁላይ 2021 ድረስ ታግዶ ነበር። የፓርላማው የሥራና የጡረታ ኮሚቴም በ2018 ባወጣው ሪፖርት የእፎይታው ጊዜ እንዲራዘም ጠይቋል።

ሹፌሮች ላይ ሌላም በደል አለ። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የመኪና ወጪህን በትክክል የወጣውን ማሳየት ትችላለህ። ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን ለተራ መኪና የሚፈቀደው የማይል ሂሳብ ብቻ ነው። በወር ለመጀመሪያዎቹ 833 ማይል 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 25 ፔንስ። በወር 2,500 ማይል የሚነዳ ሰው 790 ፓውንድ ገደማ ይቀነስለታል። ነዳጁም፣ ኢንሹራንሱም፣ የመኪናው ኪራይም በዚች ውስጥ ናቸው። ኪራዩ በሳምንት 250 ፓውንድ ቢሆን በወር ከ1,080 ያልፋል። ነዳጅ ሳይሞላ ከተፈቀደለት በላይ አወጣ ማለት ነው። ጥቁሩ የለንደን ታክሲ በዚህ ደንብ አይታሰርም። ከኡበር ሹፌሩ ጋር ግን በአንድ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁም ድጎማውን ጠይቁ እላለሁ። «ቤኔፊት ይበላል» እንዳይባል የሚሸማቀቅ ሰው በእኛ መሀል ሞልቷል። ልጆቹን በብርድ ቤት እያሳደገ የሚገባውን የማይጠይቅ አባት አለ። እየሠራህ የምትጠይቀው ድጎማ ልመና አይደለም፣ በሕግ የተሰጠህ ነው።

ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን እዩ። ፈቃዱ ላይ የሕዝብ ገንዘብ መጠቀም አይቻልም የሚል ገደብ ካለ፣ ከኢሚግሬሽን አማካሪ ጋር ሳትነጋገሩ ማመልከቻ አታስገቡ። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ይህ ገደብ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ወለሉ በእርግጥ እናንተን ይመለከት እንደሆነ ጠይቁ። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ያለውና ዋና ተንከባካቢ የሆነ ወላጅ ላይ አይሠራም። ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው በሳምንት 35 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ላይም አይሠራም። ልጁ ከ3 እስከ 12 ዓመት ከሆነ የሚጠበቀው ሰዓት ስለሚቀንስ ወለሉም ይወርዳል። ሥራው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነና ዋና ሥራችሁ ካልሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይመለከታችሁ ይችላል። ያኔ ሌላ ሥራ እንድትፈልጉ ትጠየቃላችሁ። ጆብ ሴንተር ውስጥ ጉዳያችሁን የሚይዘው ሠራተኛ፣ ወርክ ኮቹ፣ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ላይነግራችሁ ስለሚችል ራሳችሁ አንሱት።

ሦስተኛ፣ በየወሩ የገባውንና የወጣውን በሰዓቱ አስገቡ። በእጅ የተቀበላችሁት ካሽም ይጻፍ። «እሱን ተወው፣ ማን ያያል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የተሳሳተ ሪፖርት የተከፈለውን ገንዘብ ያስመልሳል፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው። ውሳኔው ስህተት ከመሰላችሁ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ፣ ካልተስማሙም ወደ ፍርድ ጉባኤ ይግባኝ በሉ። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ያግዛል።

ደንቡን የሚለውጠው ግን ፓርላማው ነው። የአካባቢያችሁ የፓርላማ አባል ነዋሪዎችን የሚያነጋግርበት ቀን አለው። ዜግነት ባይኖራችሁም እዚያ ነዋሪ ከሆናችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የ12 ወር ገቢና ወጪያችሁን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ያዙ። በየወሩ ጆብ ሴንተር የቆጠረባችሁን ከጎኑ ጻፉ። የዓመቱን ልዩነት ደምራችሁ ከታች አስቀምጡና የታክስ ክሬዲት በዓመት ሲቆጥር ይህ ገንዘብ ለምን እንዳልተቀነሰ ጠይቁት።