የሌላ ሰው እግር ያዘነበለው ጫማ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሱሉልታ ላይ፣ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፎ ሰልባጅ የሩጫ ጫማ ከሚሸጥ ወጣት ዘንድ አንዱን ጫማ አንስቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምኩትና ከኋላው ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ሶሉ ብዙም አልተበላም፤ ታጥቦም አዲስ መስሏል፤ ተረከዙ ግን ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ ወደ ውስጥ ዘምሟል። «ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ ብዙ አልተሮጠበትም» አለኝ። ኦርጅናልነቱን አልተጠራጠርኩም።

ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲረግጥ በመጠኑ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ጤናማ ነው፤ የምቱን ኃይል የሚያበርደው አንድም በዚህ ነው። ከልክ አልፎ ለሚያዘነብል እግር የሚሠሩት፣ እንደ አሲክስ ካያኖና ብሩክስ አድሬናሊን ያሉት ጫማዎች፣ እንደ ሞዴሉ በውስጠኛው ጎን፣ ከሶሉ በላይ፣ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም ተረከዙን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ድጋፍ አላቸው።

ይህ ድጋፍ ለማን ይጠቅማል በሚለው ላይ ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ጥናት 927 ጀማሪ ሯጮችን ድጋፍ የሌለው አንድ ዓይነት ጫማ አስጫምቶ ሲከታተል፣ እግራቸው ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው ከሌሎቹ ይበልጥ ሲጎዱ አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሉክሰምበርግ ውስጥ 372 ሯጮች ለስድስት ወር ሲጠኑ ደግሞ ድጋፍ ያለው ጫማ ጉዳትን ቀነሰ፤ ጥቅሙም ጎልቶ የታየው እግራቸው በሚያዘነብለው ላይ ነበር። እኔ ከሁለቱ የምወስደው፣ ሕመም የሌለበት ሯጭ እግሩ ስላዘነበለ ብቻ ጫማውን መለወጥ እንደማያስፈልገው፣ የቅልጥሙ ውስጠኛ ጎን እየተመላለሰ የሚያመው ግን ድጋፍ ያለውን ቢሞክር እንደማይከፋ ነው። እርጥብ እግርን ሲሚንቶ ላይ አሳርፎ በዱካው ጫማ መምረጥን ግን ተዉት፤ ዱካው የሚያሳየው የቆመን እግር እንጂ የሚሮጥን አይደለም።

በእኛ ዳርቻ ሠፈሮች ግን ጥያቄው ከዚህ ቀድሞ ይጀምራል፤ አብዛኛው ወጣት ሯጭ የሚገዛው ሰልባጅ ነውና። ስፖንጁ የሚሞተው ሶሉ ከመበላቱ በፊት ነው፤ ሲሞትም የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ይቀራል። ውስጠኛው ጎኑ የረገበ ጫማ፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ለሚያዘነብል እግር ቁልቁለት ነው። ለእንዲህ ያለው እግር ስሙ ያልታወቀ አዲስ ጫማ ከዘመመ ታዋቂ ጫማ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አዲስ መግዛት ያልቻለ ደግሞ ጥንዱን ጎን ለጎን አቁሞ ከኋላ ይይ፤ የስፖንጁን ውስጥና ውጭ ጎን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያነጻጽር፤ ከዚያም አድርጎት ጥቂት ይሩጥበት።

ሻጩ ጫማውን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ ለራሱም ከኋላ አየውና ሳይናገር ከጆንያው ሌላ ጥንድ አወጣ፤ ይኸኛውን ራሱ ድንጋዩ ላይ አቆመው።