ማንቲስ ቤት ውስጥ ለማሳደግ ላሰባችሁ

ማንቲስን ታውቁታላችሁ። የፊት እግሮቹን አጥፎ እንደሚጸልይ ሰው የሚቆመው ነፍሳት ነው። ብዙዎቻችን ከፌንጣ እንቆጥረዋለን፤ የቅርብ ዘመዱ ግን በረሮ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤታቸው ውስጥ የሚያሳድጉት ብዙ ሰዎች አሉ።

ጠባብ ቤት ለሚኖር፣ ውሻ ለማዟዟር ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። አይጮኽም፣ ቦታ አይፈጅም። ደግሞ ያያችኋል፤ ወደ ሄዳችሁበት አንገቱን አዙሮ ይከተላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንንሽ ባለ ቀለም መነጽር በንብ ሰም አጣብቀውለት፣ እንደ እኛ በሁለት ዓይኑ ርቀት እንደሚለካ አሳይተዋል።

የማልስማማው «ምንም እንክብካቤ አይፈልግም» ከሚሉት ጋር ነው። ማንቲስ የሚያድገው ቆዳውን እየለወጠ ነው። ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና ከአሮጌው ቆዳ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ የሳጥኑ ቁመት ቢያንስ የማንቲሱን ርዝመት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ጣራው ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ እግሩ ይንሸራተታል፤ መረብ አድርጉለት። አዲሱ ቆዳ ሳይጠነክር ከወደቀ እግሩ ይጣመማል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። አየሩ በጣም ከደረቀም ከቆዳው መላቀቅ ያቅተዋል።

ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ለቀናት መብላት ያቆማል። ያኔ ታመመ ብላችሁ አትነካኩት። ለምግብ ያስገባችሁትን ነፍሳትም አውጡ፤ ራሱ ማንቲሱን ሊነክሰው ይችላል። ሁለት ማንቲስ አንድ ሳጥን ውስጥ አታኑሩ፣ ይበላላሉ። የአብዛኛው ዕድሜ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ይህን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የእኛም አካባቢ ማንቲስ በጣም ተፈላጊ ነው። አይዶሎማንቲስ ዲያቦሊካ የሚባለው የማንቲስ ዝርያ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ታንዛንያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ይኖራል። ሴቷ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ስትደነግጥ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ከፍታ ያንን ሁሉ ቀለም ስታሳይ በእውነት ታስደንቃለች። ግን ከፍተኛ ሙቀት ትፈልጋለች፣ የምትወደውም የሚበር ዝንብ ነው። ለጀማሪ አትሆንም። ከዱር የተያዘ ማንቲስ ከሚሸጥላችሁ ሰውም አትግዙ። ሰው ቤት የተፈለፈለ ሞልቷል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ቅጠሉ ላይ እንዳለ አሳዩአቸው፣ እንዳይጨፈልቁት።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ልመና አለኝ። የቻይናው ማንቲስ እ.ኤ.አ. በ1896 ፊላደልፊያ አካባቢ ታየ፤ ዛሬ በምሥራቁ ክፍል ሁሉ ተሰራጭቷል። ንብና ቢራቢሮ ይበላል፣ ሃሚንግበርድ የምትባለዋን ትንሽ ወፍ እንኳ ይይዛል። ሆኖም የእንቁላል ከረጢቱ ለአትክልተኞች ይሸጣል። ከአንዱ ከረጢት ከመቶ በላይ ሊፈለፈል ይችላል። በዙብኝ ብላችሁ በመስኮት አትልቀቋቸው። የማታሳድጉትን ከረጢት ሳይፈለፈል ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡት ይሻላል። ጭካኔ እንደሚመስል ይገባኛል፤ ውጭ ከተለቀቀ ግን የአገሩን ትንሽ ማንቲስ ጭምር ነው የሚበላው።