ደጅ ጥናት በማዕረግ

የእህቴ ልጅ ተመርቋል። እልልታው አልቋል፣ ፎቶው ተለጥፏል፣ የተከራየው ጋዋንም ለባለቤቱ ተመልሷል። የቀረችው ወረቀቷ ብቻ ነበረች፤ ቴምፖ የሚሏት ጊዜያዊ ዲግሪ። "ሁለት ቀን ነው ጋሼ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ቴምፖዬን ይዤ እመጣለሁ" ብሎኝ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን መናኸሪያ ተቀበልኩት። ሻንጣው አለ። ቴምፖዋ የለችም።

የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልነግራችሁም። ልጁ የሐዋሳ ልጅ ነው፣ ምደባው ግን ራቅ ያለ አገር ነው የጣለው። ደግሞ ስሙን ብታውቁት ምን ይጨምርላችኋል? እናንተ የተማራችሁበት ነው በሉት።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ወሰድኩትና ዓሣ ጥብስ አዘዝን። የግቢው ንብረት እጁ ላይ እንደሌለ የሚፈረምበትን የክሊራንስ ቅጽ ከፕላስቲክ ሲያወጣ እንደ ታቦት ነው የያዘው። "ዘይት እንዳይነካው ጋሼ! ከቆሸሸ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው።" አሥራ ሁለት መስመር አለው። ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ዲፓርትመንት፣ ወጪ መጋራት፣ ሌላም ሌላም። አሥራ አንዱ ተፈርሞበታል፣ ማህተምም አርፎበታል፤ አንደኛው ማህተም ተገልብጦ ነው የተመታው። አንዷ መስመር ባዶ ናት።

ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እነዚህን የተማሪ አገልግሎት ቢሮዎች በከንቱ ስናማቸው ኖረናል! እነሱ እኮ አገልግሎት አይደለም የሚሰጡት፣ ትምህርት ነው። ደጅ ጥናት የሚባል፣ ካታሎግ ላይ ያልሰፈረ፣ ግን አንድም ቀን ክፍለ ጊዜ ተሰርዞበት የማያውቅ ትምህርት ክፍል ነው። አያቶቻችን ደጅ ሊጠኑ ስንቃቸውን በበቅሎ ጭነው የሹም አጥር ሥር ዓመት ይከርሙ ነበር። ያ ሁሉ ጥበብ ሊጠፋ ሲል ማን አተረፈው? በሩ ላይ "የተማሪዎች አገልግሎት" የሚል የለጠፈው ቢሮ ነዋ። ምስጋና ይገባዋል።

መምህራኑም ጨዋዎች ናቸው። "የለም" አይሏችሁም፣ ነውር ነው። "ወጣ ብሏል" ነው የሚሉት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ስለዚህ አለ ማለት ነው። ያ ኮት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ወንበሩ ላይ ሰው ከተገኘ ደግሞ ሲስተሙ የለም፣ ሲስተሙ ከመጣ ማህተም ያዡ ስብሰባ ነው። ከዚያ "ነገ ና" ይባላል። የትኛው ነገ እንደሆነ ማወቅ የተማሪው የቤት ሥራ ነው።

በ2015 ሐምሌ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ምን ያስፈራል? እዚያ እኮ 50 ከመቶ ያመጣ ያልፋል። እውነተኛው መውጫ ፈተና ይሄ ነው፤ ከአሥራ ሁለት አሥራ አንድ አምጥተህ የምትወድቅበት።

ወደ ባዶዋ መስመር ልምጣ። "ስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት" ትላለች። የእህቴ ልጅ ኳስ አይነካም። በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ በረኛ አድርጎ እንኳን የሚያሰልፈው አልነበረም። ግን ኳስ አለመውሰዱ በፊርማ መረጋገጥ አለበት። ሦስት ቀን ጓጉንቸር ሲያይ ዋለ። በአራተኛው ቀን ግምጃ ቤቱ ሰውዬ መጣ፣ መዝገቡን አወጣ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገለጠ፣ ገለጠና "ይኸው!" አለ። ሁለት ኳስ፣ ያልተመለሰ። ስሙ ከነአባቱ አንድ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሞክሼዬ ነው። የአያታችን ስም ይለያያል። ቀኑም እኔ ግቢ ከመግባቴ በፊት ነው።"

"ታዲያ እሱ እንዳልሆንክ ደብዳቤ አምጣ።"

ዲፓርትመንት ሄደ። "ስም የሚያጣራው ሬጅስትራር ነው" አሉት። ሬጅስትራር ሄደ። "እናጣራልሃለን፣ ግን ለተመረቀ ሰው ደብዳቤ የምንጽፈው ክሊራንሱን ሲጨርስ ነው።" ክሊራንሱ የሚያልቀው ደግሞ... ገባችሁ አይደል?

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ልጁ ሞክሼውን በቴሌግራም አፈላልጎ አገኘው! ሰውዬው ተመርቋል፣ ሥራ ይዟል፣ አግብቷል። "ክሊራንስህን እንዴት ጨረስከው?" ቢለው "በኛ ጊዜ ቅጹ ላይ ስፖርት የሚል መስመር አልነበረም" አለው። ኳሶቹስ? አንደኛው ፈንድቷል። ሌላኛውን ታናሽ ወንድሙ ይጫወትበታል። የእህቴ ልጅ ይህንን ድምፅ አስቀርቶ ወሰደ፣ ግምጃ ቤቱ ሰውዬም ጆሮው ላይ ለጥፎ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ "ድምፅ ማህተም የለውም" ብሎ መለሰለት። ሐቅ ነው፣ የለውም።

አንደኛ ዓመት ላይ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይሰጣል። ያላደረግከውን ነገር አለማድረግህን ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልጁ የገባው ግን ክፍል ውስጥ አይደለም፣ መጋዘን በር ላይ ነው። ሐይቆቹ፣ የኛው ሐዋሳ ከተማ ክለብ፣ በ1996 እና በ1999 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ እንኳን እኛ ቤት ስለ ኳስ ይህን ያህል አልተወራም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። አብራው ደጅ የምትጠና አንዲት ልጅ ነበረች አለኝ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የመጣችው፣ እናቷ በግ ሸጠው በሰጧት ብር። የሥራ ማመልከቻ ሊዘጋባት ሦስት ቀን ቀርቷታል። ሁሉም ተፈርሞላታል፣ የመጨረሻው ማህተም ብቻ ነው የቀራት። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሥልጠና ሄዷል። ቀኑ አለፈባት። አንድ ሰውዬ ቁልፍ በኪሱ ይዞ ስለሄደ! ይህች ልጅ እኮ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ከ10 በመቶ የማያንስ እየከፈለች የወጪ መጋራት ዕዳዋን ልትመልስ ፈርማለች። ዕዳዋን የሚቆጥረው ግቢ ሥራዋን ያስመልጣታል። ቁልፍ ለባልደረባ ሰጥቶ መሄድ ምን ያስቸግራል? ለምኑ ነው በጀት የሚጠየቀው? አታፍሩም?

እሺ፣ ተመልሻለሁ። ለጭንቀቷማ ቢሮ ተዘጋጅቶላታል፤ የምክር አገልግሎት ይባላል። በሩ ላይ "ተጨንቀዋል? ብቻዎን አይደሉም" የሚል ወረቀት አለ፣ ከወረቀቱ ሥር ጓጉንቸር። ሌሎች ሦስት ልጆችም እዚያው ቆመው ነበር አሉ። ብቻዋን አለመሆኗስ እውነት ነው።

ይህን ሲያወራኝ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንዱ ከጠረጴዛችን ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ራሰ በራ፣ ጥቁር ኮት የደረበ የሚመስል፣ ልክ እንደ መዝገብ ቤት ሹም። ዓሣ የሚበልተውን ልጅ እጅ እጁን ያያል። ልጁ አንጀቱን ወረወረለት፣ ጎረሰ፣ ሄደ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። የእህቴ ልጅ በቅናት እስኪርቅ ድረስ አየው።

"ጋሼ፣ ሰውዬው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለኝ ልንገርህ? 'ምን አከራከረህ፣ ሁለት ኳስ ብታመጣ እኮ ያልቅ ነበር' አለኝ።"

እጃችንን ታጥበን ፒያሳ ወጣን። ባለሱቁ ሁለት ኳስ አወረደልን፣ አንጥሮ አሳየን።

"ለየትኛው ቡድን ነው ጋሼ?"

"ለዲግሪ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። "ደረሰኝ ልቁረጥ?"

የእህቴ ልጅ ቅጹን ከነፕላስቲኩ ደረቱ ላይ እንደያዘ ተጠጋው። "አዎ፣ ግን ማህተሙ እንዳይገለበጥ።"