ይድረስ ለሰልፉ ካፒቴን

ጉዳዩ፦ አውሮፕላን እንዳያሳርፉ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ትናንት መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ተሰልፈን ሳለ «ፓይለቶቹ ቢታመሙ እኔ አሳርፈዋለሁ፤ የማማው ሰው በሬዲዮ ይነግረኛል፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል» አሉ። እኔም «ኮምፒውተሩንስ ማን ያዝዘዋል?» አልኩ። ከእኔ የተዋሱት እስክሪብቶ ወዲያው ቦይንግ ሆነ፣ የእኔ ቅጽ ደግሞ ማኮብኮቢያ። አፍንጫውን ቀና፣ ጎማውን ዱብ! ቅጹ ፎቶግራፌ ከተለጠፈበት እስከ ፊርማዬ ተተረተረ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ «የተቀደደ አንቀበልም» አለችኝ። እርስዎ ታዲያ ወደ ሰልፉ ዞር ብለው «ወረቀት መያዝ ያቃተው ስለ አውሮፕላን ያወራል!» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ጥበቃው ሳይቀር። አዲስ ቅጽ ይዤ ስመለስ ምሳ ሰዓት ሆኖ መስኮቱ ተዘግቷል።

በዕድሩ ስብሰባ ስለ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የሰጡትን ማብራሪያ ይቅር ብያለሁ።

በእርግጥ ብቻዎን አይደሉም። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ በማማው ተቆጣጣሪ እርዳታ አውሮፕላን እናሳርፋለን ብለዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ያሳረፈውን ተሳፋሪም ይጠቅሳሉ፤ አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ሴስና መሆኗን ግን ይዘሉታል። ትልቁ ጄት መሬት የሚነካው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ነው። በራሱ እንዲያርፍ እንኳ ፍጥነቱን፣ የክንፉን መታጠፊያ (ፍላፑን)፣ ጎማውንና ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያዘጋጅለት ሰው ይፈልጋል። እርስዎ «የአያት ስም» በሚለው ሳጥን ስልክ ቁጥር የጻፉ ሰው ነዎት።

ደግሞስ ይህ ለእኛ ቀልድ ነው? በኅዳር 1989 ወደ ናይሮቢ የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 የጠለፉት ሦስት ሰዎች አውስትራሊያ ውሰደን ሲሉት፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይደርስ ነገራቸው። አላመኑትም። አውሮፕላኑ 11 ሰዓት እንደሚበር መጽሔት ላይ አንብበዋላ! ነዳጁ አለቀ፤ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 125 ሰው ሞተ። ሃምሳ ሰው የተረፈው ያ ካፒቴን ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ጠላፊው እየታገለው፣ መሪውን አልለቅም ስላለ ነው። አንተ ምን አንብበህ ነው? የትኛውን ቪዲዮ አይተህ ነው ሰው የዕድሜውን እኩሌታ የተማረውን ሙያ በሰልፍ መሃል የምታራክሰው?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። የአብራሪዎቹ ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፋል፤ መክፈቻውም ኮድ አለው። ኮዱን የሚፈልጉ ከሆነ በማመልከቻ ይጠይቁ፤ ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር።