«በጥናት ተረጋግጧል» እያላችሁ አትጠጡ

ወገኖቼ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ዳማከሴን የማያውቅ ቤት የለም። ምች መታኝ ያለ ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ ያሸተዋል፣ ጭማቂውን ቡናው ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል። ይህስ ይሁን። የማይሆነው «ሕመምና እብጠት እንደሚያስታግስ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ወሬ ይዛችሁ ያገኛችሁትን ቅጠል ሁሉ በብርጭቆ ሙሉ መጠጣታችሁ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ማጠጣታችሁ፣ በጠርሙስ አሽጋችሁ መሸጣችሁ ነው።

ጥናት የምትሉትን ስሙት። ተክሉ ከነአበባው ተቆርጦ በአራት ኪሎው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ማንነቱ ይለያል፤ አንዱ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣልና። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘይቱ ይተናል። ከተፈጨ በኋላ በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ብዙ ጊዜ ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ሜታኖሉም በመሣሪያ ተንኖ ደረቅ ንጥር ይቀራል። ሜታኖል የሚያወጣውን ሁሉ የቤታችሁ ውኃ አያወጣም። ሜታኖል ራሱ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነውና ማንም በቤቱ እንዳይነካው።

ንጥሩ ለምሳሌ በኪሎ ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም ተመጥኖ ለአይጦች ይሰጣል። አንዱ ቡድን ውኃ ብቻ፣ ሌላው አስፕሪን ወይም ኢንዶሜታሲን የተባለ የእብጠትና የሕመም መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ የእግራቸው መዳፍ ካራጂናን የተባለ እብጠት አምጪ ነገር ይወጋና እብጠቱ በየሰዓቱ ይለካል። መጀመሪያ የሚያሳብጠው በዋናነት ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሂስታሚን ነው፤ ከ3ኛው ሰዓት ወዲያ ደግሞ አስፕሪን የሚገታው ፕሮስታግላንዲን። ተክሉ የኋለኛውን እብጠት ከቀነሰ፣ አሠራሩ የአስፕሪን ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ጨጓራንና ኩላሊትንም እንደ አስፕሪን ሊጎዳ ይችላል። ቅጠል ስለሆነ ብቻ ሰውነትን አይምርም! በሌላው ሙከራ አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ሆዳቸው ውስጥ ተወግቶ ስንቴ በሕመም እንደተኮማተሩ ይቆጠራል፤ ነገር ግን የሚያፈዝ ወይም ጡንቻ የሚያላላ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ማስታገሻ ይመስላል። ብቻውን የማይታመነው ለዚህ ነው።

መጠኑንም አስሉት። የአይጥ 400 ሚሊግራም የአይጥን መጠን ወደ ሰው በሚለውጠው ቁጥር፣ ለ12.3፣ ሲካፈል ለሰው በኪሎ 32 ሚሊግራም ግድም ይሆናል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ያህል ንጥር። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ንጥር ቢወጣ፣ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። የእናንተ እፍኝ ስንት ይመዝናል? «አይጦቹ በኪሎ 2000 ሚሊግራም ተሰጥቷቸው አልሞቱም» የሚባለውም አንዴ ሰጥቶ 14 ቀን መከታተል ነው፤ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስለመጠጣት የሚነግረን የለም።

ቅጠሉን ከዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ከደም ማቅጠኛ ጋር አትደርቡ። ነፍሰ ጡር የጤና አዳም ጭማቂ አትጠጣ፤ ማህፀን ያኮማትራል። ጤና ጣቢያም ሆነ ጥቁር አንበሳ ስትገቡ የጠጣችሁትን ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ስሙን ካላወቃችሁ ቅርንጫፉን ከነአበባው ያዙ። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሽንታችሁ ካነሰ መጠጡን አቁሙና በዚያው ቀን ታዩ።